የተመታው ፊደል ወዴት ገባ?

በኮምፒዩተር ሲጻፍ ፊደል ለምን እንደሚጠፋ፣ የት እንደሚጠፋና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ

በአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ገብቶ መልስ ሳይገኝለት ሲቀር የባለጉዳዩ ጥያቄ አንድ ነው። «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ይላል። መዝገብ ቤቱ «ወደ ክፍሉ መርተነዋል» ይለዋል፤ ክፍሉ «ገና አልደረሰንም» ይለዋል፤ ተላላኪው ደግሞ «እኔ አስፈርሜ ሰጥቻለሁ» ብሎ ይምላል። ሁሉም የየራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ወረቀቱ ግን የለም። ልምድ ያለው የመዝገብ ቤት ሹም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው፣ ማንንም ከመቆጣቱ በፊት የርክክቡን ደብተር ያስቀርብና ወረቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ በማን እጅ እንደ ነበረ ይመለከታል። የጠፋ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ነውና።

በኮምፒዩተር ላይ የሚጠፋ ፊደልም እንደዚሁ ነው። ቅጹ ተከፍቷል፤ ስም የሚጻፍበት ሣጥን ይታያል፤ ጸሐፊው ቁልፉን ይመታል፤ ሣጥኑ ግን ባዶ ነው። ወይም የእንግሊዝኛው ፊደል እሺ ብሎ ይገባና አማርኛው እንቢ ይላል። ወይም ፊደሉ ሁሉ በደኅና ይገባና ኢንተር የተባለው ቁልፍ አዲስ መሥመር በመክፈት ፈንታ ቅጹን ዘግቶት ቁጭ ይላል። ይህ ያልደረሰበት ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል።

ያን ጊዜ አንዱ ኪቦርዱን ይደበድባል። ሁለተኛው «ቫይረስ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ድሮም ኮምፒዩተር አማርኛ አይችልም» ብሎ ይፈርድና በላቲን ፊደል መጻፉን ይቀጥላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ሦስቱም የተቻኮሉ ናቸው። ከሦስቱ ግን ጉዳቱ የሚከብደው የመጨረሻው ፍርድ ነው። የአንድ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሲመዘገብ «ጠ»ና «ተ»፣ «ቀ»ና «ከ» ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ አንዱ ሰው በሦስት መሥሪያ ቤት በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገባል፤ በኋላም «እኔ እኔው ነኝ» ብሎ ማስረጃ ማምጣት ግዴታ ይሆንበታል። እንግዲህ በአንዲት ሣጥን ላይ እንቢ ያለች ፊደል የምታስከትለው ጣጣ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፊደሉ ከጣት ተነሥቶ መስኮቱ ላይ እስኪታይ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ከአንባቢዎቻችን ጋር አብረን እንመርምር።

ጣትና ፊደል በአንድ ዘንግ በተያያዙበት ዘመን

አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሌይታም ሾልስ ከባልደረቦቹ ጋር በሚልዎኪ ከተማ ለሠራው ጽሕፈት መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። መኪናው በሬሚንግተን ፋብሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ፊደል በአንድ ቁልፍ የሚያፈራርቀውን ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ይዞ መጣ። በእነዚህ መኪናዎች ጣትና ፊደል በብረት ዘንግ የተያያዙ ነበሩ። ጣት ሲጫን መዶሻው ይነሣል፤ መዶሻው ቀለም የነካውን ጥብጣብ ይመታል፤ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ፊደል ሳይታተም የቀረ እንደ ሆነ የሚመረመረው ነገር ጥቂት ነው፤ ወይ መዶሻው ተጣሟል፣ ወይ ጥብጣቡ ደርቋል።

ለአማርኛ ግን ነገሩ ከጥንት ጀምሮ አስቸጋሪ ነበር። የፊደል ገበታችን 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው ስለ ሆነ መሠረታዊዎቹ ፊደላት ብቻ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለየብቻው በቁልፍ ላይ ለማስቀመጥ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የአማርኛን ጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ስማቸው ሁልጊዜ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ፣ መፍትሔ መፈለግ ነበረባቸው። በሥራ ላይ በዋሉት የአማርኛ መኪናዎች የፊደሉ አካል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ እየተመታ ፊደሉ ይሟላ ነበር። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበልልን፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ሁለት ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ቁልፍ ፊደል አይልክም

በኮምፒዩተር ላይ ያ የብረት ዘንግ የለም። በእርሱ ፈንታ ያለው እንደ መሥሪያ ቤት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ ሲጫን የኤሌክትሪክ መንገድ ይገናኛል። በኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማሽን ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ ከፍላ ያለ ዕረፍት ትቆጣጠራለች፤ የተጫነው የቱ እንደ ሆነም ታውቃለች። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ወዲያው ጸጥ ስለማይሉ፣ ለጥቂት የሰከንድ ሺኛ ያህል ስለሚንቀጠቀጡ፣ ማሽኗ እስኪረጋ ድረስ መታገሥ ይገባታል። ካልታገሠች አንዱ ምት ሁለት መስሎ ይታያትና ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል።

ከዚህ በኋላ ማሽኗ ወደ ኮምፒዩተሩ የምትልከው ፊደል አይደለም፤ የቦታ ቁጥር ነው። በዛሬው ዩ ኤስ ቢ በተባለው የግንኙነት ደንብ መሠረት በእንግሊዝኛው ኪቦርድ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ ቁጥሩ 4 ነው፤ «ቢ» 5 ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ይሁን አማርኛ አያውቅም፤ «4 ቁጥር ተጫነ፣ 4 ቁጥር ተለቀቀ» ብቻ ይላል። ይህን ቁጥር ወደ ፊደል የሚተረጉመው የኮምፒዩተሩ ዋና አስተዳዳሪ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለው ሥርዓተ ክወና ነው። በእንግሊዝኛ ድልድል «ኤ» የሆነው ያው 4 ቁጥር በፈረንሳይኛ ድልድል «ኪው» ይሆናል። ስለዚህ «ቁልፉ አማርኛ አይችልም» ማለት ከንቱ ነው። ቁልፍ የሚችለው ቋንቋ የለምና።

አስተዳዳሪው ቁጥሩን ከተቀበለ በኋላ «ይህ ወረቀት ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ቁልፉን የሚቀበለው በዚያ ሰዓት ተረኛ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህን ተረኝነት ፎከስ ይሉታል፤ በጽሑፉ መካከል ብልጭ ድርግም የምትለው ቀጭን ሰረዝ የተረኛው ምልክት ናት። በዊንዶውስ ለተረኛው የሚሄዱት ማስታወቂያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ይህ ቁልፍ ተመታ» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ከዚህም የተነሣ ይህ ፊደል ተጻፈ» የሚል ነው። ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የብዙ ብልሽት ምክንያት ይሰወርበታል።

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤት

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነው። ጠማማው የሚጀምረው የዛሬ ፕሮግራም ከብዙ ቦታ በመጡ ክፍሎች የሚገጣጠም ከመሆኑ ነው። አንድ የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም ሲሠራ ሠሪው ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምርም። የጽሑፍ ሣጥኑን ከአንዱ፣ ሠንጠረዡን ከሌላው፣ ድረ ገጽ የሚያሳየውን ክፍል ከሦስተኛው አምጥቶ በራሱ መስኮት ውስጥ ይተክላቸዋል። ተመልካች አንድ መስኮት ያያል፤ በውስጡ ግን አንዱ ባለቤት ሌላው እንግዳ የሆኑ ሁለት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ይህ ነገር በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት ከሚሠራ ትንሽ መሥሪያ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ፖስተኛው ደብዳቤውን ሁሉ የሚያስረክበው ለሕንፃው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱ ስለ እንግዳው መሥሪያ ቤት ካልተነገረው ደብዳቤውን ይመልሰዋል፤ ወይም የራሱ መስሎት ይከፍተዋል፤ ወይም ከመሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጥፋቱ የፖስተኛው ነው? አይደለም። የእንግዳው ነው? እርሱም አይደለም። ጥፋቱ ርክክብ አለመዘጋጀቱ ነው።

በፕሮግራሞችም ዘንድ ባለቤቱ ለራሱ የሚያስቀራቸው የታወቁ ቁልፎች አሉ። ታብ የተባለው ከሣጥን ወደ ሣጥን ለመሻገር፣ ኢንተር «እሺ» የሚለውን ለመጫን፣ ኢስኬፕ ለመዝጋት፣ የቀስት ቁልፎች ከምርጫ ወደ ምርጫ ለመሄድ ይፈለጋሉ። ባለቤቱ እነዚህን በር ላይ ቆሞ ይለቅማቸዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው እንግዳ ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበት ሣጥን የሆነ እንደ ሆነ፣ ኢንተርንም ቀስትንም እርሱም ይፈልጋቸዋል። ኢንተር ሲመታ ቅጹ የሚዘጋበት ምሥጢር እንግዲህ ይኸው ነው።

አንድ የታወቀ ምሳሌ

ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ሁለት የመስኮት መሥሪያ መሣሪያዎች ወጥተዋል። አንደኛው ዊንዶውስ ፎርምስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ሁለተኛው ደብልዩ ፒ ኤፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በአሮጌው መሣሪያ የተሠራ ብዙ ፕሮግራም ስለ ነበረ ሠሪዎቹ ሁሉን አፍርሰው ከመሥራት ይልቅ በአሮጌው ቤት ውስጥ አዲሱን ክፍል መቀጠል ጀመሩ። ያን ጊዜ ብዙዎችን ያስገረመ ብልሽት ታየ። ከአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ የአዲሱ ዓይነት መስኮት ጎን ለጎን ሲከፈት መስኮቱ በደንብ ይታያል፤ ማውዙም ይሠራል፤ ባክስፔስ ፊደል ያጠፋል፤ ቀስቶቹም ጠቋሚዋን ወዲያና ወዲህ ይወስዷታል፤ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ጽሑፍም ይለጠፋል። ፊደል ሲመታ ግን ምንም አይጻፍም።

አንባቢ ከላይ ያልናቸውን ሁለት ወረቀቶች ያስታውስ። ባክስፔስና ቀስት በመጀመሪያው ወረቀት፣ «ቁልፍ ተመታ» በሚለው ይሠራሉ። ፊደል ግን ሁለተኛውን ወረቀት ይፈልጋል። ማስታወቂያ የሚያከፋፍለው የአሮጌው ፕሮግራም ስለ ሆነና አዲሱን መስኮት በጉዳዩ ስለማያማክረው የፊደሉ ጉዳይ በመንገድ ቀረ። መድኃኒቱም ከዚሁ ይነሣል። ማይክሮሶፍት ራሱ ለዚሁ ያዘጋጀውን «ኤኔብል ሞድለስ ኪቦርድ ኢንተርኦፕ» የተባለውን ትእዛዝ መስኮቱ ከመታየቱ በፊት በአንድ መሥመር መጻፍ ነው። ትእዛዙ ለአከፋፋዩ «ከዛሬ ጀምሮ የኪቦርድ ወረቀት ሲመጣ ይህንንም መስኮት ጠይቅ» ብሎ ያስመዘግባል። ስንት ቀን ያስጨነቀው ብልሽት በአንዲት መሥመር ይድናል።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ሌላ ብልሽትም አለ። በዊንዶውስ ውስጥ ቅጽ የሚያስተናግደው መስኮት ተረኛ የሆነውን ክፍል «አንተ የትኞቹን ቁልፎች ትፈልጋለህ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አለው። ክፍሉ «ፊደል እፈልጋለሁ፤ ቀስትም እፈልጋለሁ» ብሎ ከመለሰ ይሰጠዋል። ዝም ካለ «እንግዲያው አይፈልግም» ተብሎ ቁልፎቹ ለባለቤቱ ይቀራሉ። አዲሱን የደብልዩ ፒ ኤፍ ክፍል በአሮጌ ቅጽ ውስጥ የተከሉ ሰዎች ፊደል የጠፋባቸው እንግዳው ለዚህ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ስላልሰጠ ነበር። ጥገናውም ጥያቄው ሲመጣ በእንግዳው ስም የሚመልስ ትንሽ ጸሐፊ ማስቀመጥ ሆነ። ለተጠየቀ ነገር አለመመለስ እንደ እንቢታ እንደሚቈጠር በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው አያጣውም።

አማርኛ ሲሆን ርክክቡ ይበዛል

አሁን ወደ ሁለቱ ምት እንመለስ። ዛሬ በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ በድምፅ በሚሄደው ዘዴ ይጽፋል። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የተባሉትን አምስት ቁልፎች በተራ ይመታል። ኤስ ሲመታ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፤ ኢ ሲከተል ያች «ስ» ትነሣና በቦታዋ «ሰ» ትተካለች። ኤል «ል»ን ታወጣለች፤ ኤ ስትከተል «ል» ተነሥታ «ላ» ትገባለች። ኤም በመጨረሻ «ም»ን ትጨምራለች። ይህን የሚሠራው በአስተዳዳሪውና በጽሑፍ ሣጥኑ መካከል የተቀመጠ የጽሕፈት ዘዴ የተባለ ፕሮግራም ነው።

ዘዴው ሥራውን ለመሥራት ሣጥኑን ሦስት ነገር ይለምናል። አንደኛ፣ «ከጠቋሚዋ በፊት ያለው ፊደል ምንድን ነው?» ሁለተኛ፣ «ያን ፊደል አንሣልኝ።» ሦስተኛ፣ «ይህን በቦታው አስገባልኝ።» ደኅና ተደርጎ የተሠራ ሣጥን ሦስቱንም ይፈጽማል። በግዴለሽነት የተሠራ ሣጥን ግን ሦስተኛውን ብቻ ያውቃል፤ ለእንግሊዝኛ ይኸው ይበቃዋልና። ያን ጊዜ «ሰላም» ብሎ የጻፈው ሰው «ስኧልኣም» የመሰለ ነገር ያገኛል። ፊደሎቹ ሁሉ ገብተዋል፤ ነገር ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር ሳይጋባ እያንዳንዱ ለብቻው ቀርቷል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያየ ሰው ወዲያውኑ መረዳት ያለበት ኪቦርዱ ደኅና መሆኑን፣ የጽሕፈት ዘዴውም ደኅና መሆኑን፣ ሣጥኑ ግን ለጥያቄ የማይመልስ መሆኑን ነው።

ሌላው ስሕተት የቁልፍን ቁጥር እያዩ የመፍረድ ልማድ ነው። አንዳንድ ሠሪ «በዚህ ሣጥን ፊደል ብቻ ይግባ» ለማለት የቁልፉን ቁጥር ይመረምርና የማያውቀውን ይጥላል። በኢንተርኔት ማሰሻዎች ዘንድ ግን ቁልፉ በጽሕፈት ዘዴ እጅ ሲሆን ለገጹ የሚነገረው ቁጥር 229 ነው። ትርጉሙም «ይህ ጉዳይ በሌላ እጅ ነው፤ ውጤቱን ጠብቅ» እንደ ማለት ነው። 229ን እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚያባርር ገጽ በዘዴ የሚጻፈውን ቋንቋ ሁሉ ከበር ይመልሳል። ቻይንኛም ጃፓንኛም ኮሪያኛም የሚጻፉት በዘዴ ስለ ሆነ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በስልክ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአንድሮይድ ስልክ መስታወት ላይ የሚታየው ኪቦርድ እንደ ብረቱ ቁልፍ «ተመታሁ» የማለት ግዴታ የለበትም፤ ጽሑፉን በቀጥታ ለሣጥኑ ያስረክባል። ቁልፍን ብቻ ሲጠብቅ የተቀመጠ ሣጥን ጽሑፉ በአጠገቡ ያልፈዋል።

መርማሪ እንዴት ይመርምር?

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ፍለጋው ቀላል ነው። ኮምፒዩተር መጠገን የማይችል ሰው እንኳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፊደሉ የት እንደ ቀረ ሊጠረጥር ይችላል።

1ኛ. ያንኑ ጽሑፍ እንደ ኖትፓድ ባለ ተራ መጻፊያ ላይ ይሞክሩ። በዚያ የተጻፈ እንደ ሆነ ኪቦርዱም አስተዳዳሪውም የጽሕፈት ዘዴውም ነፃ ናቸው፤ ምርመራው ወደ ፕሮግራሙ ይዞር። በዚያም ካልተጻፈ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ በፊት ነው።

2ኛ. ከኖትፓድ ቀድተው በእንቢተኛው ሣጥን ላይ ይለጥፉ። ተለጥፎ በደንብ ከታየ ሣጥኑ አማርኛን መያዝም ማሳየትም ይችላል፤ የተበላሸው የመግቢያው በር ብቻ ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ ግን የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ፣ ፎንት የተባለው ነው፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው።

3ኛ. የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ቁልፎች ለይተው ይጻፉ። ባክስፔስ እየሠራ ፊደል ካልገባ የሁለቱ ወረቀቶች ርክክብ ተቋርጧል። ፊደል እየገባ ታብ፣ ኢንተርና ቀስት ከጠፉ ባለቤቱ በር ላይ እየለቀማቸው ነው።

4ኛ. እንግሊዝኛ እየገባ አማርኛ ከተበታተነ ወይም ከቀረ ሣጥኑ ከጽሕፈት ዘዴው ጋር አይነጋገርም።

5ኛ. ጠቋሚዋን ይመልከቱ። በሣጥኑ ውስጥ ብልጭ የማትል ከሆነ ሣጥኑ ተረኛ አይደለም። በማውዝ አንድ ጊዜ ነክተውት ቢጻፍ ጥፋቱ በተረኝነት አሰጣጥ ላይ ነው።

ይህን ከያዙ በኋላ ለባለሙያው የሚላከው ማስታወሻ «አይሠራም» የምትል አንዲት ቃል አትሁን። «በኖትፓድ አማርኛ ይጻፋል፤ በእናንተ ቅጽ የስም ሣጥን ግን አይጻፍም፤ እንግሊዝኛ ይገባል፤ የተቀዳ አማርኛም ይለጠፋል» የሚል ማስታወሻ ግማሹን ጥገና ጨርሶ ይዞ ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የጠጋኙ ጥንቃቄ

ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩት ወጣቶች ደግሞ አንድ ምክር እንጨምር። ፊደል ሲጠፋ ወዲያው የሚመጣ ፈተና አለ። «ቁልፎቹን ሁሉ እኔው ከላይ ይዤ በእጄ ወደ ሣጥኑ ልወርውራቸው» የሚል ነው። ይህ ተላላኪውን አምኖ ያልተወ አለቃ ሥራ ነው። አንዳንዱ ወረቀት በተላላኪውም በአለቃውም እጅ ይደርስና «ሰላም» የተባለው «ሰሰላላምም» ይሆናል። ደግሞም የተወረወረው ቁልፍ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ የጽሕፈት ዘዴው መንገድ ፈጽሞ ይዘጋል። እንግሊዝኛው ስለ ሠራ ጠጋኙ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ አማርኛ ጸሐፊው ግን ከፊተኛው በባሰ ችግር ላይ ይወድቃል። ሰዓት እየቈጠሩ ተረኝነትን በግድ ለሣጥኑ መመለስም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው በአንዱ ሣጥን ሲጀምር በመካከሉ ወደ ሌላ ተነጥቆ ይገኛል።

ትክክለኛው ጥገና ዝግ ያለ ነው። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ የምሥክር ምልክት ማስቀመጥ፣ ወረቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ማግኘት፣ በዚያች ቦታ ብቻ የሚያስፈልገውን መጠገን ነው። አስተዳዳሪው ያዘጋጀው የርክክብ ሥርዓት ካለ ያንኑ መጠቀም፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ እንግዳው እንዲመልስ ማድረግ፣ የቁልፍን ቁጥር ትቶ የመጣውን ጽሑፍ መቀበል ይገባል። በመጨረሻም ፈተናውን በእንግሊዝኛ ብቻ አለመጨረስ ነው። «ሰላም» በትክክል የተጻፈበት ሣጥን እንግሊዝኛውንም ያለ ችግር ሳይጽፍ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ የተፈተነ ሣጥን ግን ስለ አማርኛ ምንም አይመሰክርም።

ፊደላችን በኮምፒዩተር ዓለም የራሱን ቦታ ያገኘው በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር ለፊደሎቹ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ 345 ምልክቶችን ይዞ በዓለም የፊደላት መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር ኮምፒዩተር አንድ ቁጥር አላት።

ይሁን እንጂ በመዝገብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በየቤቱ በር ተከፍቶ መግባት ሌላ ነገር ነው። ቤት የተሰጠው ሰው በረኛው ካላሳለፈው ከውጭ ያድራል። ዛሬ በየቅጹና በየስልኩ የሚሠሩት የጽሑፍ ሣጥኖች የፊደላችን በሮች ናቸው፤ በረኞቹም ፕሮግራም የሚጽፉት ወጣቶችና ብልሽቱን ለይተው የሚያስታውቁት ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ የተመታው ፊደል ሳይታይ ሲቀር ቁልፉን መደብደብ ይቅር፤ ወደ ላቲን ፊደል መሸሽም ይቅር። ይልቅስ እንደ አስተዋዩ የመዝገብ ቤት ሹም «ለመጨረሻ ጊዜ በማን እጅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው ጥገናውን ከግማሽ በላይ ፈጽሟል።